ሁለተኛው ኮሶ ጋ ዙሪ

ያን ጊዜ፣ እንጦጦ ገና ጫካ ሳለ፣ ክረምት ሲገባ ሰማይና ምድር ይደባለቁ ነበር። ጉሙ ከላይ አይወርድም፤ ከዛፎቹ ሥር ነው የሚነሣው፣ እንደ ቡሖ ኩፍ እያለ። እጅ ዘርግቶ ጣትን ማየት የማይቻልበት ቀን ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ጥዱ ጠብ ጠብ ማለቱን አይተውም፤ ለብቻው የሚዘንብ ይመስላል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ግን ክፉ ብርድ አልነበረም፤ የጥድ ሙጫና የረጠበ ቅጠል የሚሸት፣ ሰውን ወደ ሰው የሚያስጠጋ ብርድ ነበር። ዲንቄ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ክረምት በተባለ ቁጥር ልቧ የሚሄደው ወደዚያ ዓመት ክረምት ነው፤ አባቷ ቱሉ በሕይወት ወዳለበት፣ ልጅዋ ሎሚ የእናትዋን መቀነት ጫፍ ይዛ፣ ጉሙ ውስጥ እየዘለለች የዛፎቹን መዝሙር ወደ ተማረችበት።

ቤታቸው ከየካ ወደ እንጦጦ አናት የሚያወጣው ቀጭን መንገድ ወገብ ላይ ነበረች። ከጓዳዋ በስተቀር ዙሪያዋ ክፍት ስለ ነበር ቤት ከማለት ዳስ ማለት ይቀላል። ከአጠገቧ አንድ ዝግባ ቆሟል፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው። ከዝግባው ወዲያ ጫካው ይጀምራል። ከጫካው ሆድ ውስጥ ደግሞ ከዓለት ሥር የሚፈልቅ ጠበል አለ፤ የታመመ፣ የተጨነቀ፣ ማሕፀኗ የተዘጋ ሴት ሁሉ ከሩቅ አገር ስለት ይዞ የሚመጣበት።

ቱሉ ያን ከሩቅ የመጣ ሰው ተቀባይ ነበር። የሾመው የለም፤ ሥራውን ከአባቱ ወረሰው፣ አባቱም ከአባቱ። ውሃ በእንስራ ሞልቶ ያኖራል። ዳገቱ ለከበደው ምርኩዝ ያውሳል። ምርኩዞቹ ከወይራ የተጠረቡ ነበሩ፤ የወጣው ሰው ሲመለስ ከዝግባው ግንድ ላይ አስደግፎት ይሄዳል። አንዱን ምርኩዝ አንድ ሽማግሌ ረስተውት ቡልጋ ድረስ ይዘውት ሄደው፣ በዓመቱ ሌላ ስለተኛ አምጥቶ ከቦታው መለሰው። ቱሉ ይህን ነገር ሲያወራ፣ «እንጨቱ ከኔ የበለጠ አገር አይቷል» እያለ ይስቅ ነበር።

ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ካለማ ቱሉ ሥራውን ሁሉ ይተዋል። ልጁን እጁን ይዞ በዳሱ ዙሪያ ያዞረዋል። ይህ ሳማ ነው፣ አትንካው፤ ይህ ቀጋ ነው፣ ሲቀላ ይበላል፤ ይህን እናንተ ወይራ ትሉታላችሁ፣ እኛ ቤት ኤጀርሳ ነው ስሙ፤ ያ ነጭ ካባ የለበሰው ጉሬዛ ነው፣ ከነጋ ያልጮኸ እንደሆነ ዝናብ አለ። በመጨረሻ የልጁን ዓይን በመዳፉ ሸፍኖ ቅጠል ጨምቆ ያሸተዋል። ጥዱን ከወይራው በአፍንጫው ያልለየ ልጅ ከዚያች ዳስ አያልፍም። እናቶች፣ ጊዜያችንን ፈጀህብን እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ልጆቹ ግን ሂዱ ቢባሉም አይሄዱም።

ትልቁ ሥራው ግን መንገዱን መንገር ነበር። ወደ ጠበሉ የሚሄድ ሰው ብቻውን ነው የሚሄደው። ወግ ነው፤ ስለት የእግዜርና የተሳዩ ጉዳይ ነውና ሦስተኛ ሰው አይገባበትም ይላሉ። ስለዚህ ቱሉ መንገዱን አይመራም፤ ሰውየው ራስ ውስጥ ያስቀምጥለታል እንጂ። ያስቀምጥበት የነበረውም መዝሙር ይህ ነው፤

ከዝግባው ተነሺ፣ ስምሽን አትርሺ፤
ወይራ ስታገኚ፣ ግራ ግራ ያዢ፤
አንዱን ኮሶ እለፊ፣ አትታለዪ፤
ሁለተኛው ኮሶ ጋ ወደ ቀኝ ዙሪ።

ወንድ ሲሆን ተነሥ፣ ያዝ፣ ዙር እያለ ይለውጠዋል። ሁለተኛው ኮሶ ጋ የዞረ ሰው ትንሽ እንደ ሄደ ውሃው ይሰማዋል፤ ከዚያ ወዲያ ነጋሪ አያሻውም። ሦስተኛ ኮሶም ነበረ። እሱ ግን መዝሙሩ ውስጥ አልገባም። የቆመው ገደል ከንፈር ላይ ነው፤ ከሱ ወደ ቀኝ የዞረ ሰው የሚረግጠው መሬት የለም። ሎሚ በልጅነቷ፣ ሦስተኛው ለምን አይዘመርለትም፣ አይከፋውም ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። አያቷም፣ እዚያ የሚደርስ ሰው የለም፣ ሁለተኛው ላይ ዞሮ የለም ወይ አላት።

አንድ ነገር ብቻ ይከብድ ነበር። ልጅ ያጣች ሴት በግንቦት ልደታ ቀን ስትመጣ አርምሞ ትይዛለች። ከማደሪያዋ ተነሥታ ጠበሉን እስክትጠጣ ቃል አይወጣትም፤ እርጥብ ሣር በእጇ ትይዛለች፣ ሣሩን ያየ ሰውም ዓይኑን ሰበር አድርጎ ያልፋታል እንጂ እንዴት ዋልሽ እንኳ አይላትም። ያናገራት ሰው ስለቷን ሰበረባት ማለት ነው። ታዲያ መንገዱን በምን ይንገራት? ቱሉ ዘዴ ነበረው። ጀርባውን ለሴትየዋ ይሰጥና ፊቱን ወደ ዝግባው ያዞራል፤ «ዝግባ ሆይ፣ አንተ የቆምክ አትሄድም እንጂ ብትሄድ እንዲህ አድርግ ብዬ እመክርህ ነበር» ይልና መዝሙሩን ለዛፉ ይዘምርለታል። ሴትየዋ ከኋላው ቆማ ትሰማለች። ያናገራት የለም፤ ያልሰማችውም የለም።

ቱሉ ሲሞት ሥራው ለዲንቄ ቀረ። ባሏ ዱቤ ሎሚ ጡት ሳትጥል በወባ ሞቶ ስለ ነበር ያቺ ዳስና ያቺ ልጅ ብቻ ነበሩ ሀብቷ። ሎሚ ደግሞ አደገች፤ በልደታ ስለት ይዘው ከመጡ የቡልጋ ሰዎች ልጅቱን አይተው የወደዷት ነበሩና ለልጃቸው ጠየቁ። ዲንቄ እንቢ የምትልበት ምክንያት አጣች። ልጁ ጨዋ፣ አገሩ ጥጋብ። ቱሉ ከወይራ ጠርቦ የሠራላትን ድቡልቡል ጌጥ ከማተቧ ጋር አስራላት ሸኘቻት። ሎሚ በበቅሎ ተፈናጥጣ ስትሄድ፣ እናትዋ እንዳታለቅስ ይሁን ራሷ እንዳታለቅስ፣ መዝሙሩን ጮክ ብላ እየዘመረች ነው ቁልቁለቱን የወረደችው።

ከዚያ በኋላ ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ። ዲንቄ ከቡልጋ ለመጣ መንገደኛ ሁሉ ውሃውን ሳይጠይቃት ትሰጠውና ስለ ልጅዋ ትጠይቀዋለች። መልሱ አንድ ነው፤ ደኅና ናት፣ ልጅ ግን የለም። ቆይቶ ቆይቶ መልሱ ተለወጠ። የባልዋ ዘመዶች ማጉረምረም ጀምረዋል፤ የዘንድሮውን ልደታ አይተው ሌላ ሊያጩለት ነው፤ ሎሚም ከባለቤትነት ወደ ጓዳ ልትገፋ ነው የሚል ወሬ መጣ።

በዚያው ዘመን ደግሞ የንጉሡ ከተማ እንጦጦ አናት ላይ ተተከለ። አዳራሽ፣ አጥር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የመኳንንቱ ግቢ፣ የወታደሩ ጎጆ፤ ሁሉም እንጨት ነው የሚፈልገው። ከማለዳ እስከ ምሽት የመጥረቢያ ድምፅ ሆነ። መጀመሪያ ጉሬዛዎቹ ሄዱ። ቀጥሎ ወይራው ተመነጠረ፤ ዲንቄም መዝሙሩ ውስጥ ወይራ ያለበትን ስንኝ «ጉቶ ስታገኚ» ብላ ለወጠችው። ቆራጮቹ ሲያልፉ «ዛፍ ቆጣሪዋ፣ ዛሬ ስንት ቀሩ?» እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷም ውሃ እየሰጠች፣ የእናንተ እጅ ካልዛለ የኔ ቆጠራ ያልቃል ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ ይጠጣሉ፤ ሄደው ይቆርጣሉ።

በጥር ወር የእንጨቱ አለቃ አባይነህ የሚባል ሰው ራሱ ወደ ዳሷ መጣ። የትልቅ ሰው አሽከር ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የታዘዘ ሰው ነበር እንጂ። ዝግባውን ለአንድ አዳራሽ ምሰሶ ሊያስጥለው ነው። ከዝግባው ሌላ የመጀመሪያውን ኮሶም ይፈልገዋል። የከተማው ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ደግሞ በየሁለት ወሩ ኮሶ ካልጠጣ አይሆንለትም። ያ ዛፍ ያን ጊዜ አበባው እንደ ቀይ ዘለላ ተንጠልጥሎበታል። ወጥቶ የሚለቅም ሰው ስለ ጠፋ ከነግንዱ ጥለው አበባውን መሬት ላይ ሊለቅሙ ነው።

ዲንቄ መሬት ላይ ወደቀች። ይህ ጫካ ለሷ እንጨት አለመሆኑን፣ አባቷ በዚህ ዛፍ ሥር ስንት ሰው እንዳስተማረ፣ አርምሞ የያዘች ሴት ያለ ዝግባው መንገድ የሚነግራት እንደማይኖር አስረዳችው። ሰዎቹ ከኋላው ሆነው ሲሳሳቁ አባይነህ ዞር ብሎ አየና ዝም አሰኛቸው።

«እኔ አዛዥ አይደለሁም፣ ታዛዥ ነኝ» አላት። «አንድ ዛፍ ብተውልሽ በሌላ እተካዋለሁ። ሁለቱን ካልሽ ግን አንገቴን መጠየቅሽ ነው። ምረጪ።»

ዲንቄ ዝግባውን አየች። ከሥሩ የአባቷ መቀመጫ ድንጋይ አለች፤ ተቀምጦባት ተቀምጦባት መሐልዋ የጎደጎደች። ከድንጋይዋ ላይ ሆኖ ዓይኗን በመዳፉ ሲሸፍናት፣ የጥዱ ሽታ አሁንም አፍንጫዋ ላይ ነበር። ለሎሚ፣ ለልደታ ነይ ብላ ስትልክባት፣ የምትጠብቃትም እዚያው ሥር ነው። ኮሶው ከዳሱ አይታይም።

«ዝግባውን» አለች።

«ኮሶውስ? መንገድ ያሳይ ነበር አላልሽም?»

«መዝሙሩን እለውጠዋለሁ ጌታዬ። ዝግባው ካለ የሚሰማኝ አለ።»

እንዲያ ሆነ። ኮሶው በማግሥቱ ወደቀ። አበባው ተጭኖ ሄደ፣ ግንዱ ተፈለጠ፣ ጉቶውንም ከሰል አክሳዮች ቆፍረው አወጡት፤ ሳማ በቀለበት። ሁለተኛው የነበረው ኮሶ አንደኛ ሆነ፤ ገደሉ አፍ ላይ ያለው ደግሞ ሁለተኛ። ዲንቄ አዲስ መዝሙር አወጣች፤ አንዱን እለፊ የሚለውን ጣለችና «የመጀመሪያው ኮሶ ጋ ወደ ቀኝ ዙሪ» አለች። ዜማው ትንሽ ሰበር ይላል እንጂ ይሠራል። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፤ ስለተኛው ሁሉ ደኅና ሄዶ ደኅና ተመለሰ። ልቧ ረካ። ዝግባውን ባትመርጥ ኖሮ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆን ነበር እያለች አባቷ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች።

ለቡልጋ ቅቤ ነጋዴዎች ለሎሚ መልእክት ሰጠቻቸው። ለልደታ ትምጣ፣ ከዝግባው ሥር እጠብቃታለሁ፣ እንዳትቀር። መዝሙሩ መለወጡን አልላከችም። እንዲህ ያለ ነገር በሰው አፍ ይላካል? ዝግባው ጋ ስትመጣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትነግራታለች።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። የዚያ ዓመት በልግ ዝናቡ ዘግይቶ ነበርና ጉሙ እንደ ክረምት ጉም ወፍሮ ዋለ። ዲንቄ ከዝግባው ሥር ትልቅ ድስት ጥዳ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ትቀቅላለች፤ ለልደታ ንፍሮ ደጅ ነው የሚበላ። የየካ ሰው ከነልጆቹ መጥቶ ዙሪያዋን ከቧታል፤ ልጆቹ ንፍሮ ይዘግናሉ፣ ይሳደዳሉ። በመሐል በመሐል ሣር የያዘች ሴት ከጉሙ ውስጥ ብቅ ስትል ሁሉም ጸጥ ይላል። ዲንቄ ጭልፋዋን ይዛ ወደ ዝግባው ዞር ትላለች፤ ትዘምራለች። ከመዝሙሩ በኋላ ግን፣ ወግ ባይሆንም፣ ከክንድዋ ሥር አሾልካ የሴትየዋን አረማመድ ታያለች። ሎሚ አይደለችም። ሌላዋም አይደለችም።

ጉሙ ሳይገፈፍ ወደ ቀትር ገደማ አንዲት ሴት ምርኩዝ ይዛ ዳገቱን ወጣች። ሣር አልያዘችም። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ በአገልግል ነገር አዝላለች። ውሃ ጠይቃ ጠጣችና ፊቷን ጠርጋ ዲንቄን አየቻት።

«ዲንቄ ቱሉ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ከየት ነው አመጣጥሽ?»

«ከቡልጋ። የሺመቤት እባላለሁ፤ የሎሚ ባል እህት ነኝ።»

ዲንቄ ከድስቱ ላይ ቀና አለች። ከሴትየዋ ኋላ ያለውን ጉም አየች። ማንም አልነበረም።

«ብቻሽን ነው የመጣሽው?»

የሺመቤት ሳቀች፤ የምሥራች ይዞ እንደሚስቅ ሰው። አብረው ነው የመጡት፤ ትናንት የካ ነው ያደሩት። አገልግሉንም የላከችው ሎሚ ናት፣ ቅቤም ማርም አለበት።

«እናቴን ካየሁ አፌ አይዘጋም፣ እሪ ማለቴ ነው፣ አርምሞዬ ይፈርሳል አለች» ብላ ቀጠለች። «ስለዚህ ሲነጋ ሣሯን ይዛ በታች በኩል ዞራ ገባች። ጠጥታ ስትመለስ ነው የምታገኝዎት። አንቺ ሂጂና ንገሪያት፣ ተዘጋጅታ ትጠብቀኝ ብላ ላከችኝ።»

«መንገዱን ማን ነገራት?»

«ማን ይነግራታል እማማ፣ ስታውቀው። ከቡልጋ እስከዚህ ስትዘምረው አይደል የመጣነው፤ በቅሎዋ እንኳ ሳታውቀው አልቀረችም። እኔም ያዝኩት።» የሺመቤት እጇን እያወዛወዘች፣ እንደ ልጅ ዘመረችው። «አንዱን ኮሶ እለፊ፣ አትታለዪ...»

ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ወደቀ።

ያን ቀን እዚያ የነበሩ ሰዎች ዲንቄ አልጮኸችም ይላሉ። ነጠላዋን ጥላ ወደ ጉሙ ገባች፤ እዚያ የነበረው ሰው ነገሩ ሳይገባው ተከተላት። በጉቶው በኩል ሄደች፤ ሳማ በበቀለበት፣ የመጀመሪያው ኮሶ በነበረበት ሳትቆም አለፈች። የቆመው ኮሶ ጋ ደረሰች። ጭቃው ላይ የእግር ዳና ነበር፤ ዛፉን አልፎ ወደ ፊት የሚሄድ። ተከተለችው። ገደሉ አፍ ላይ ካለው ኮሶ ሥር፣ በስተቀኝ በኩል፣ እርጥብ ሣር ተበትኗል። ገና አልጠወለገም።

ወታደሩም ቆራጩም ገመድ ይዞ ወረደ። አባይነህ ራሱ ሸማውን ወገቡ ላይ አስሮ እስከ ገደሉ ወገብ ወረደ። ገደሉ በቁጥቋጦና በሐረግ የታፈነ ነው፤ ከታች ወንዙ በበልጉ ዝናብ ሞልቶ ይጮኻል። ሦስት ቀን ፈለጉ። የሎሚን ነጠላ እንኳ አላገኙም። የሺመቤት ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እጇን ይዤ በዳሱ ባሳልፋት ምን ነበረበት እያለች ፊቷን ነጨች። ዲንቄ እጇን ያዘቻት።

«አንቺ አይደለሽም» አለቻት። «አንዱን ምረጪ ተብዬ ነበር። እኔ አባቴን መረጥኩ።»

ከዚህ ሌላ ስለ ምርጫዋ የተናገረችው የለም።

ለቅሶው አለፈ፣ ተዝካር ወጣ። ዲንቄ ወደ ዳሷ ተመለሰች፤ ሥራዋ ግን ያው አልነበረም። መዝሙሩን ተወችው፣ አሮጌውንም አዲሱንም። ስለተኛ ሲመጣ ምርኩዟን ይዛ ትነሣና ከፊቱ ትሄዳለች። ሣር የያዘችም ብትሆን ከፊቷ ትሄዳለች፤ አትዞርም፣ አትናገርም፣ ጠበሉ እስኪሰማ ትመራና እዚያው ቆማ ትጠብቃለች። ሽማግሌዎች መጥተው ገሠጿት፤ ስለት ሦስተኛ ሰው አይገባበትም፣ አባትሽ እንዲህ አላደረገም፣ ወግ አፈረስሽ አሏት። ወጉን እኔ እጠየቅበታለሁ ብላ መለሰችላቸውና የሚጠብቃትን ሰው ይዛ ሄደች።

በሁለተኛው ዓመት መጥረቢያው ገደሉ ውስጥ ገባ። ከላይ ያለው እንጨት አልቆ ነበር። አንድ ቀን አባይነህ ብቻውን ወደ ዳሷ መጣ። ቆብ በእጁ፣ ቆሞ ቀረ፤ ተቀመጥ ብትለው አልተቀመጠም። ከመዳፉ ውስጥ የበሰበሰ የማተብ ክር ከነድቡልቡሉ የወይራ ጌጥ አውጥቶ ሰጣት። ከገደሉ ወገብ፣ ሐረግ ከያዘው ድንጋይ ሥር ነው ያገኙት። የቀረውን አጥንት ሰብስበው፣ ካህን ጠርተው በሸማ ጠቅልለዋል። ዲንቄ ጌጡን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው። ወይራው ሽታ አልነበረውም።

ሎሚን የካ ሚካኤል ቀበሯት። ጫካው እንዳለ ቢሆን ኖሮ አትገኝም ነበር፤ ጫካው ባይቆረጥ ኖሮም አትጠፋም ነበር። ሰው ይህን እያነሣ ይጨዋወት ነበር። ዲንቄ ግን ሲያነሡባት ውሃ መቅዳት አለብኝ ብላ ትነሣለች።

ከዚያማ እንጦጦ መላጣ ሆነ። ከየካ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ጠበሉን ከነዓለቱ ያየዋል፤ ማን መሪ ይሻል? ከተማውም እንጨት አጣና፣ ብርዱም አስመረረውና፣ ወደ ፍልውሃው መውረድ ጀመረ። ዲንቄ ግን መምራቷን አልተወችም። ልጆች ከኋላዋ እየተከተሉ፣ እማማ ዲንቄ፣ መላጣ ራስ ላይ መንገድ ይጠፋል እንዴ እያሉ ይስቁባት ነበር። አንዳንዴ ትቆምላቸዋለች። ዓይናቸውን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ የምታሸትታቸው ቅጠል ግን ከዝግባው በስተቀር በዙሪያዋ አልነበረም። ዝግባ ደግሞ እንደ ጥድ አይሸትም። ልጆቹ፣ ምንም አይሸትም ይሏታል። እሷም፣ አዎ፣ አሁንስ አይሸትም ትላለች።

ዝግባው ብቻውን ከየትም ይታይ ነበር። ብቻውን የቆመ ዛፍ ግን ነፋሱን የሚጋራለት የለም። በሚቀጥለው ክረምት ነሐሴ ላይ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደቀ፤ የዳሷንም ግማሽ ይዞ ነው የወደቀው። ዲንቄ ጓዳ ስለ ነበረች አልነካትም። አባይነህ ያን ጊዜ ከጌታው ጋር ወደ ታች ወርዷል፤ ዛፉን መጥቶ የወሰደው ሌላ ሰው ነው። አልተሟገተችውም። ምርኩዞቹን ሰብስባ በአንድ ገመድ አሰረችና ተሸክማ ወደ የካ ወረደች፤ ሚካኤል ደጅ ለሚቆሙ አቅመ ደካሞች አንድ አንድ አደለቻቸው። የአባቷን ድንጋይ አልወሰደችም፤ ትከብድ ነበር።

ወዲያው ያ ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ አለቀ፣ እርሻው ጦም አደረ፣ ሰው ከቀየው ተሰደደ። ማን የት እንደ ገባ የማይታወቅበት ዘመን ነበር። የሺመቤት ከቡልጋ ሸሽታ በየካ ስታልፍ ዲንቄን አይታታለች፤ ከሎሚ መቃብር አጠገብ ተቀምጣ ነበር፣ ጌጡ በአንገቷ፣ አንዲት ምርኩዝ በእጇ። አብራት እንድትሄድ ብትለምናት፣ ለልደታ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ መንገድ ያሻዋል አለቻት።

ዲንቄ ቱሉ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በዚያው በክፉው ቀን መጀመሪያ፣ የካ ሚካኤል ደጀ ሰላም፣ በሴቶች በር በኩል ነው። ከዚያ ወዲያ አየኋት የሚል ሰው አልተገኘም።